አባ ጎርጎርዮስና የሉዶልፍ መጻሕፍት

አባ ጎርጎርዮስ የትውልድ ስፍራቸው በአምሐራ የሚገኘው መካነ ሥላሴ ነበር። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከኢትዮጵያ ሲባረሩ እርሳቸውም ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮም ገቡ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1649 ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ቢማርም የሚያስረዳው ኢትዮጵያዊ ሊቅ አላገኘም ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ተጓዙ፤ ስለ ቋንቋውም ሆነ ስለ አገሩ የሚያውቁትን ሁሉ ለሉዶልፍ አስረዱ።

በ1658 በመርከብ ሲጓዙ እስክንድሩና አጠገብ በባሕር ሰጥመው ሞቱ። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ታተሙ፤ አንዱንም አላዩም።

የመጻሕፍቱ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ሉዶልፍ ነው። አሰናድቶ የጻፈው እርሱ ስለሆነ ይገባዋል። ሆኖም የመምህሩን ውለታ አልደበቀም፤ በታሪኩ ስማቸውን አነሣ፤ በ1691 ባሳተመው ሐተታም ምስላቸውን አወጣ።

ዛሬም አንዱ ዕውቀቱን፣ ሌላው ብዕሩን አዋጥቶ የሙያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ክፍያ ብቻውን ዕዳውን አይዘጋም። በሽፋኑ ላይ የአንዱ ስም ብቻ ቢወጣ እንኳ፣ የሌላው በመቅድሙ ሊጠቀስ ይገባል።