ካርል ሊኒየስና የተራራ ሊሊ አበቦች

ነገ ተመርቀን ክፍል ስንገባ ጎበዙን ከሰነፉ የምንለየው ምኑን አይተን ነው? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን የታወቀውን የዕፅዋት ሊቅ የካርል ሊኒየስን ሕይወት ባጭሩ እንመልከት። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሊኒየስ በ1707 በደቡብ ስዊድን፣ ሮስሁልት በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ አበባ መትከል ይወዱ ስለነበር ልጁም ከአትክልቱ ቦታ አይጠፋም ነበር። ቬክሾ ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። ልቡ ከደብተሩ ይልቅ ሜዳው ላይ ሆነ። በ1726 መምህራኑ ልጁ ለትምህርት እንደማይሆንና የእጅ ሙያ ቢይዝ እንደሚሻል ለአባቱ ነገሩ። እዚያው ያስተምር የነበረው ሐኪሙ ዮሐን ሮትማን ግን ልጁን ጠጋ ብሎ አይቶት ነበርና አልተስማማም። ቤቱ ወስዶ አስጠናው። ሊኒየስን ለዓለም ያተረፈው እንግዲህ አንድ መምህር ነው።

ከዚያ በሉንድና በኡፕሳላ ተማረ፤ በ1732 ላፕላንድን ዞሮ ተክል ሰበሰበ፤ በ1741 በኡፕሳላ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያን ጊዜ የአንድ ተክል ስም ዐረፍተ ነገር ያህል ይረዝም ነበር። ሊኒየስ በ1753 ባሳተመው «ስፔሲየስ ፕላንታሩም» በተባለው መጽሐፉ ለያንዳንዱ ዝርያ ባለ ሁለት ቃል ስም ሰጠ። ሳይንስ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የአውሮፓ ተራሮች ሊሊዎችም አሉ። ሊኒየስ ተክሎችን በየምድባቸው የሚያስገባው በአበባው ውስጥ ያሉትን የወንዴ ዘንጎች ቆጥሮ ነበር። ታዲያ ሊሊ ሁሉ 6 ዘንግ አለው! ቆጠራው ዘመዳሞቹን አንድ ቤት ያስገባቸዋል እንጂ አይለያቸውም። በቀለም እንለያቸው ብንልስ? ሊሊየም ፖምፖኒየምም ሊሊየም ካልሴዶኒኩምም ቀይ ናቸው፤ ዝርያቸው ግን ይለያያል። ሊሊየም ማርታጎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሮዝ ነው፤ ነጭም ይገኛል፤ ዝርያው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ሊኒየስ ቅጠሉንና የአበባውን አቋቋም አየ። የማርታጎን ቅጠሎች ግንዱን እንደ ቀለበት ይከቡታል፤ አበባውም ያቀረቅራል። ሊሊየም ቡልቢፌሩም አበባውን ቀና ያደርጋል። ሁለቱ ቀዮች ሁለቱም አቀርቃሪ ናቸው፤ ቅጠላቸውም በግንዱ ላይ የተበታተነ ነው፤ ነገር ግን የፖምፖኒየም ቅጠል እንደ ወስፌ የቀጠነ ሲሆን የካልሴዶኒኩም ሰፋ ብሎ የጦር ጫፍ ይመስላል። ቀለም በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ስለሚለዋወጥ መለያ መሆን እንደሌለበት ሊኒየስ በ1751 «ፊሎሶፊያ ቦታኒካ» በተባለው መጽሐፉ አስተምሯል።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። በ1735 «ሲስቴማ ናቱሬ» በተባለው መጽሐፉ የሰውን ልጅ በአህጉርና በቆዳ ቀለም ለ4 ከፍሎ ነበር። በ1758 እትም ደግሞ ለያንዳንዱ ክፍል ጠባይ ለጠፈለት፤ አፍሪካዊውን ሰነፍና ግድ የለሽ አድርጎ መዘገበው። አፍሪካን እኮ በእግሩ ረግጧት አያውቅም! ለአበባ የከለከለውን ቀለም ለሰው መለያ አደረገው። ከሱ በኋላ የመጡ ዘረኞችም በዚህ ተጠቀሙበት። የሰው ልጅ ግን ቀለሙ ቢለያይም ዝርያው አንድ ነው።

ሊኒየስ በ1778 ሞተ። በልጅነቱ ያለ ምርመራ ተፈረደበት፤ አድጎ ደግሞ እሱ ራሱ በሌላው ላይ ያለ ምርመራ ፈረደ። እኛ እጩ መምህራን ከሊሊው ሥር ዝቅ ብሎ ቅጠል የሚመለከተውን ሊኒየስን እንከተል፤ ስለማያውቀው ሰው የፈረደውን ግን አንከተል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሮትማንን እንምሰል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያይ ልጅ ሲያጋጥመን፣ አይሆንም ከማለታችን በፊት ጠጋ ብለን ምን እንደሚያይ እንጠይቀው።