የመጀመሪያዋ ደቂቃ
በወሊድ ጊዜ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ሐኪም ኃላፊነት ሲነሳ እኔ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር ናቸው። በ1909 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተወለዱት እኚህ ሴት የማደንዘዣ ሐኪም ነበሩ። በዘመናቸው ሁሉም ዓይኑን እናትየዋ ላይ ስለሚያደርግ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ብዙ ጊዜ ልብ የሚለው አያገኝም ነበር። እሳቸው በ1952 የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ፣ የጡንቻው ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳው ቀለም በተወለደ በደቂቃው ታይቶ ከ10 ነጥብ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ራሳቸው የሚወዱት የማደንዘዣ ጋዝ ሕፃናትን እንደሚያዳክም ጥናታቸው ሲያሳያቸውም እርግፍ አድርገው ተዉት። በ1974 አረፉ፤ ነጥቡ ግን ዛሬ እኛም አገር ማዋለጃ ክፍል ይሠራበታል። ከጉዳት በኋላ ማዘን ምን ይረባል? ሐኪም አስቀድሞ ይይ፣ የገዛ እጁንም ይመርምር ባይ ነኝ።