ልዑል ራስ መኰንን፤ ጦረኛና ተደራዳሪ

ሐኪም ጋራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የሐረር ጁገል ከነመስጊዶቹና ከነቤተ ክርስቲያኑ ባንድነት ይታየዋል። ይህችን ከተማ 19 ዓመት ያህል ያስተዳደሩት ልዑል ራስ መኰንን በጦርነትም በድርድርም ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ዛሬ የሰላምና የግጭት አፈታት ጥናት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጭምር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗልና፣ የእኚህን ሰው ሕይወት በዚሁ ትምህርት መመዘን ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅማል።

ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለ ነበሩ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ሠራዊት ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን በያዘ ጊዜ አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ ወደዚህች ከተማ የገቡት ብዙ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ነው።

በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ውል ጉዳይ ወደ ኢጣልያ ተላኩ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ግን በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ጠቡም እስከ ዐድዋ አደረሰ።

በ1888 ዓ.ም. በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዘው የኢጣልያ ጦር መቀሌ ምሽግ ውስጥ ተከቦ በውሃ ጥም ተጨነቀ። ያን ጊዜ ድርድር ተደርጎ ከነመሣሪያው እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ ራስ መኰንንም አጅበው ሸኙት። ይሁን እንጂ ጋሊያኖ ከአንድ ወር በኋላ ዐድዋ ላይ እንደ ገና ተሰልፎ ወደቀ። የጠቡ ሥር ካልተነቀለ ምሕረት ብቻውን አይበቃም።

በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር ስለ ሱማሌ ወሰን ሐረር ላይ ተስማሙ። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉት ከብት አርቢዎች በግጦሹና በውሃው መጠቀም እንዲችሉም ተጻፈ። ይህ ታላቅ ማስተዋል ነበር። ነገር ግን የተዋዋሉት ሁለቱ መንግሥታት እንጂ ባለ ከብቶቹ አልነበሩም፤ የሐውድ ግጦሽ ክርክርም በ1947 ዓ.ም. ሌላ ስምምነት እስከ መጻፍ አደረሰ።

ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ አረፉ፤ የተቀበሩትም ሐረር ነው። ሐረር ላይ ቆሞላቸው የነበረው ሐውልት በ2012 ዓ.ም. በሁከት ፈረሰ። አንዱ ዐድዋን፣ ሌላው ጨለንቆን እያሰበ ስማቸውን ያነሣል።

የሰላም ጥናት ሊቃውንት የጥይት ድምፅ ዝም ማለቱን ብቻ ሰላም አይሉትም። ከእኛም መካከል ነገ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ስለ ውሉ ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ከሸንጎው ሳይጠራ ስለ ቀረውም ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።