የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ቴሌቪዥን ከሰሜን ኢትዮጵያ ያሰራጨው ዘገባ በዓለም ዙሪያ ተመልካቾችን በእንባ ያራጨ ነበር። ዘገባውን ያቀረበው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ሲሆን ምስሉን የቀረፀው ደግሞ ትውልደ ህንዳዊው ኬንያዊ መሐመድ አሚን ነው።

መሐመድ ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቦቹ ከህንድ ፑንጃብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩ ነበሩ። የልጅነት ዘመኑን በዳሬሰላም ያሳለፈ ሲሆን ገና ተማሪ ሳለ በአንዲት አነስተኛ ካሜራ ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሜራፒክስ የተሰኘውን ድርጅት አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት የዛንዚባርን አብዮት ዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በዚያችው ደሴት ለ28 ቀናት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በጥይት በተመቱበት ዕለት የቀረፀው ፊልም በብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራማን አሰኝቶታል።

ይሁንና ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ነው።

የደርግ መንግሥት የፊልምን ኃይል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም ዓፄ ኃይለሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንዲታይ ያደረገው ራሱ ነውና። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 የአብዮቱ በዓል በአዲስ አበባ በከፍተኛ ወጪ ሲከበር፣ የውጭ ጋዜጠኞች በረሃብ ወደተጠቁት የሰሜን አካባቢዎች እንዳይጓዙ ታግደው ነበር። እርግጥ ነው፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ባለሙያዎች ዝም አላሉም፤ ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ለለጋሽ አገሮች ጥሪ አቅርቧል። በአሃዝና በሪፖርት የቀረበው ጥሪ ግን የሚፈለገውን ያህል ሰሚ አላገኘም።

መሐመድ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ ከበርክ ጋር ወደ መቀሌና በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም ተጓዘ። ጎህ ሲቀድ በኮረም ሜዳ ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ አስከሬኖችን፣ በብርድ የሚንቀጠቀጡ ሕፃናትንና የሚያለቅሱ እናቶችን ሳይቸኩል ቀረፀ። አሃዙ ያላስተላለፈውን ምስሉ አስተላለፈ። ፊልሙ በ425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታይቷል፤ አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍም ዘገባውን ተመልክቶ ባንድ ኤይድን፣ ቀጥሎም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ የተካሄደውን የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት አዘጋጀ።

በሌላ በኩል እነዚሁ ምስሎች የኢትዮጵያን ስም ለረጅም ዘመን ከረሃብ ጋር አቆራኝተውት ቆይተዋል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ቢሆንም ጥፋቱን በቀራጩ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የተሸሸገውን ገለጠ እንጂ ያልነበረውን አልፈጠረምና። ድርጅቱ ካሜራፒክስም እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱን ታሪካዊ ቅርሶችና መልክዓ ምድር ለጎብኚዎች የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አሳትሟል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ በሥፍራው ይቀርፅ የነበረው መሐመድ የግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያም ሕይወቱ አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሥራውን ባቆመ ነበር። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር በነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ተሳፍሮ ሳለ ሦስት ጠላፊዎች አውሮፕላኑን ወደ አውስትራሊያ እንዲያቀና አስገደዱ። ነዳጅ በማለቁ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውሃ ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከአደጋው የተረፉ እንደተናገሩት መሐመድ እስከ መጨረሻው ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር። ዕድሜው 53 ነበር። ልጁ ሳሊም የአባቱን የፊልምና የፎቶግራፍ ክምችት ተረክቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አባቱ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም አቅርቧል።