የጨረቃው መንገደኛና የሱፐርሄሮዎች ክርክር

ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2019 የማርቭል ፊልሞችን ከሲኒማ ይልቅ ከመዝናኛ ፓርክ ጋር ካመሳሰላቸው ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ሱፐርሄሮዎቹ ሲኒማን እየገደሉት ነው የሚለው ወገን በርካታ ነው። እኔ ግን ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ ነው።

ሜሊየስ በ1861 ፓሪስ ውስጥ ከሀብታም ጫማ አምራች ተወለደ። ለጫማው ግን ልቡ አልነበረም። በ1888 የውርስ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጦ ሮበር ኡዳን የተባለውን የምትሃት ትርኢት ቤት ገዛ። በ1895 መጨረሻ የሉሚየሮች ፊልም በክፍያ ለሕዝብ ሲታይ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። መሣሪያውን ልግዛ ቢል እምቢ ስላሉት ከለንደን ሌላ አስመጣ። በ1897 ሞንትሮይ ላይ በመስታወት የተሠራ ስቱዲዮ አቆመ። ሰው የሚሰወርበት፣ ራስ ከአንገት ተነቅሎ የሚያወራበት ፊልም ይሠራ ጀመር፤ በአጠቃላይ ከ500 በላይ ሠርቷል። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ድንኳን ይዘው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ትርኢት አሳዮች ነበሩ። መዝናኛ ፓርክ የሚለው ክስ እንግዲህ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በ1902 የጨረቃ ጉዞ የተባለው ፊልሙ ዓለምን አስደነቀ። የሕግ ሰው ነኝና የሚቀጥለው ያንገበግበኛል። አሜሪካ ውስጥ የኤዲሰን ኩባንያን ጨምሮ ሌሎች ፊልሙን እየገለበጡ ሸጡት፤ ትርፉ እነሱ ኪስ ገባ። መብቱን ለማስከበር በማግስቱ ዓመት ወንድሙን ጋስቶንን ኒውዮርክ ላከ፤ ግን ጅብ ከሄደ ሆነ።

ያም ሆኖ የጣለው ሌብነት ብቻ አልነበረም። ያንኑ ቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ ያንኑ ምትሃት እየደጋገመ ቀጠለ፤ ተመልካቹ ግን የሰው ታሪክ ወደሚነግሩት ዞረ። ከፓቴ ኩባንያ ቤቱንና ስቱዲዮውን አስይዞ ገንዘብ ወሰደ። በ1912 ብዙ ያወጣበት የሰሜን ዋልታ ጉዞ ፊልሙ ሳይሳካ ቀረ፤ በ1913 ሥራው ቆመ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈረንሳይ ጦር ብዙ ፊልሞቹን አቅልጦ የወታደር ጫማ ተረከዝ አደረጋቸው። የጫማ አምራቹ ልጅ! በ1923 ትርኢት ቤቱ ሲፈርስና ሞንትሮይን ሲለቅ የቀሩትን ኔጌቲቮች በገዛ እጁ አቃጠለ። ከዚያ ሁለተኛ ሚስቱ ሆና ከነበረችው ተዋናይቱ ዣን ዳልሲ ጋር ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከረሜላና አሻንጉሊት ሲሸጥ ኖረ። በኋላ ጋዜጠኞች አገኙት፤ በ1929 በክብሩ ታላቅ ምሽት ተዘጋጀለት፤ በ1931 የሌዢዮን ዶኔር ኒሻን ተሸለመ። በ1938 አረፈ።

ይህን የአሻንጉሊት ሱቅ ዘመን በ2011 ሁጎ በተሰኘ ባለ 3ዲ ፊልም ለዓለም ያሳየው ማን ነው? ራሱ ስኮርሴዚ! ስለዚህ ጠቡ ከትርኢቱ ጋር አይመስለኝም። የሚያሰጋኝ አዳራሹን ሁሉ አንድ ዓይነት ፊልም ሲይዘውና ሠሪውም እንደ ሜሊየስ ያንኑ ሲደግም ነው። ልዩነቱ ሜሊየስ የከሰረው በራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው።

በእጅ ቀለም የተቀባ የጨረቃ ጉዞ ቅጂ በ1993 ባርሴሎና ውስጥ ተገኘ። ከብዙ ዓመታት ጥገና በኋላ በ2011 ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ።