ከደጃፍ የመጣው ትኩሳት
የሰር ዴቪድ ብሩስ የሕይወት ታሪክ

ማለዳ በቦሌ ቡልቡላ ወይም በኮተቤ በኩል ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው፥ ወተት በጄሪካን ይዞ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የሚሮጥ ሰው ሳያይ አይቀርም። እነዚህ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ሰፈሮች ሕንፃ ሳይበዛባቸው የከብት መሰማሪያ ነበሩ፤ ዛሬም በየግቢያቸው ላም የሚያልቡ ቤተሰቦች አሉ። ትኩስ ወተት ሳይፈላ መጠጣትን እንደ ጤና ምንጭ የሚቆጥረውም ሰው ጥቂት አይደለም። የዚህን ልማድ አደጋ ለማወቅ የዶክተር ዴቪድ ብሩስን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ብሩስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሜልበርን ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በማንችስተር ከተማ በንግድ መጋዘን ተቀጠረ። ምኞቱ ስፖርተኛ መሆን ነበረ፤ ነገር ግን በ17 ዓመቱ የሳንባ ምች ስለ ያዘው ሐሳቡ ተሰናከለ። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ትምህርት መልሶ በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠና፤ በ1881ም ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜሪ ስቲልን አግብቶ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ተቀጠረ።

በ1884 ወደ ማልታ ደሴት ተላከ። በዚያ የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች በአንድ እንግዳ ትኩሳት ይማቅቁ ነበር። ትኩሳቱ ይነሣል፥ ይበርዳል፥ እንደ ገና ይነሣል፤ ላብ ሌሊቱን ልብስ ያርሳል፤ ጉልበትና ዳሌ ያብጣል፤ ወገብ አላንቀሳቅስ ይላል። ብርቱው ወታደር ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ይውል ነበር። ብሩስ በዚህ በሽታ ከሞቱት ሰዎች ጣፊያ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ጀርሙን አገኘ፤ ግኝቱንም በ1887 አሳተመ። በላቦራቶሪው ሥራ ዋና ረዳቱ ባለቤቱ ሜሪ ነበረች።

ይሁን እንጂ ጀርሙ ከየት እንደሚመጣ አልታወቀም። አንዳንዱ ከመጥፎ አየር፥ አንዳንዱም ከቆሻሻ ፍሳሽ ነው ይል ነበር። በዚሁ መካከል ብሩስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከብት የሚፈጀውን የናጋና በሽታ ጀርም አገኘ፤ በቆላ ዝንብም እንደሚተላለፍ አስረዳ። በ1904 ደግሞ የማልታን ትኩሳት የሚመረምር ኮሚሽን በእርሱ ሊቀ መንበርነት ተቋቋመ።

መልሱን በ1905 ያገኘው የኮሚሽኑ አባል የማልታው ተወላጅ ዶክተር ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ነው። የፍየሎችን ደም ቢመረምር፥ ጤነኛ የሚመስሉት ፍየሎች በሽታውን ይዘው ተገኙ፤ ጀርሙም ከወተታቸው ወጣ። እነዚያ ፍየሎች በየማለዳው በየደጃፉ እየቆሙ ይታለቡ ነበር። 18 ዓመት ሙሉ በሩቅ ሲፈለግ የኖረው የበሽታ ምንጭ በየቀኑ ቤት ድረስ ይመጣ ኖሯል! በዚያው ዓመት ከ60 የሚበልጡ የማልታ ፍየሎች ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲጓዙ፥ ወተታቸውን ሳያፈሉ ከጠጡት መርከበኞች ብዙዎቹ ታመሙ። በ1906 ጥሬ የፍየል ወተት ለወታደሮች እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ በመቶ ይቆጠር የነበረው የሕሙማን ቁጥርም ወደ ጥቂቶች ወረደ። የምስጋናው ብዙ ድርሻ ለብሩስ ሆነ፤ ዛሚት ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የላም ወተትም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። ላም የሚያስጨነግፈው ጀርም የፍየሉ ጀርም የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሜሪካዊቱ አሊስ ኢቫንስ በ1918 አሳይታለች። በኋላም ለብሩስ መታሰቢያ ጀርሙ ብሩሴላ፥ በሽታውም ብሩሴሎሲስ ተባለ።

ጀርሙ በደም ገብቶ በጣፊያ፥ በጉበትና በአጥንት መቅኒ ይሸሸጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያጠቃው አጥንትንና መገጣጠሚያን ነው። ልጆችን ጉልበታቸውንና ዳሌያቸውን፥ ወጣቶችን የጀርባ አጥንት ከዳሌ የሚጋጠምበትን ስፍራ፥ በዕድሜ የገፉትን የወገብ አከርካሪያቸውን ይይዛል። የአከርካሪውም ሕመም የአጥንት ቲቢ ስለሚመስል ሐኪምን ጭምር ሊያሳስት ይችላል። የደም ምርመራ ግን ምንጩን ለመለየት ይረዳል። ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት ለ6 ሳምንት ያህል መውሰድ ነው፤ አከርካሪ ከተነካ 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሕመሙ ቀለል አለ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በሽታው ይመለስበታል።

ስለዚህ ወገቡን የሚያመው ወጣት የቢሮ ወንበሩን ብቻ አይውቀስ። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለበት፥ ጥሬ ወተት መጠጣቱን ወይም የጨነገፈች ላም መርዳቱን ለሐኪሙ ይንገር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወተትን ማፍላት ነው። በዚሁ በምሥራቁ የከተማ ክፍል ከሰፈሩ ስሙን የወሰደው የሾላ ወተት በሙቀት ታክሞ የሚሸጠው ጀርም እንዲሞት ነው፤ በቤትም ድስትና እሳት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ሰር ዴቪድ ብሩስ በኅዳር ወር 1931 በለንደን ሞተ። ባለቤቱ ሜሪ የሞተችው ከእርሱ አራት ቀን ቀድማ ነበር። ሁለቱ የደከሙለት ዕውቀት ዛሬም በየማለዳው ከየበራችን ይቆማል፤ ወተቱን ለማፍላት የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።