ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና በጉባኤ ፊት የመናገር ፍርሃት

ሰው በብዙ ሰዎች ፊት ቆሞ እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ልቡ ይመታል፥ አፉ ይደርቃል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ያጠናውም ነገር ከአእምሮው ይሰወርበታል። ይህ በሕፃናት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ዕድሜያቸው የበሰለ፥ ትምህርታቸው የጠለቀ፥ በወዳጆቻቸው መካከል አንደበታቸው የቀና ሰዎችም ያውቁታል። ከካህናት ወገን መጻሕፍትን ጠንቅቆ ዐውቆ ሳለ ወደ ዐውደ ምሕረት ውጣ ሲባል ምክንያት የሚፈልግ አለ፤ ከዲያቆናትም መልእክት በሚያነብበት ጊዜ ድምፁ የሚቋረጥበት አለ፤ ከምእመናንም በስብሰባ ላይ ሊናገር የሚገባውን እውነት በልቡ እንደ ያዘ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። በዚህም የሚጐዳው ዝም ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሊሰማ የሚገባው ሕዝብም ሳይሰማ ይቀራል።

ይህ ፍርሃት የያዛቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከስጦታ ጕድለት የመጣባቸው ይመስላቸዋል፤ ታላላቆቹ መምህራን ግን ያለ ጭንቀት የተናገሩ አድርገው ያስባሉ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የተጠራ ቅዳሴ ያለውን፥ በዕብራውያን መልእክት ላይ ያስተማራቸው 34 ድርሳናትም ወደ ግዕዝ ተተርጕመው የሚገኙለትን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ሕይወት በዚህ በኩል ልንመለከተው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ዮሐንስ በአራተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ በሶርያ ታላቅ ከተማ በአንጾኪያ ተወለደ። አባቱ ሴኩንዱስ በጦር አለቃው መሥሪያ ቤት ባለ ሥልጣን ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ግን ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ መበለት ብትሆንም ሌላ ባል ሳታገባ ልጇን በክርስትናና በትምህርት አሳደገችው። የንግግርን ጥበብ በዚያ ዘመን ስሙ ከገነነው ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ እንደ ተማረ ይነገራል። ሊባንዮስም በሞት አልጋው ላይ ሳለ ማን እንደሚተካው ቢጠየቅ፥ ክርስቲያኖች ባይወስዱት ኖሮ ዮሐንስ ይሆን እንደ ነበረ መመለሱን የታሪክ ጸሓፊው ሶዞሜን ጽፎልናል። እንግዲህ ይህ ሰው የንግግር ችሎታ የጐደለው ወይም ያልተማረ አልነበረም።

በወጣትነቱ በጳጳሱ በመለጥዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አናጕንስጢስ ሆኖ ተሾመ። ከዚያም እርሱንና ወዳጁን ባስልዮስን ወደ ላይኛው የክህነት ማዕርግ ለማውጣት መታሰቡ ተሰማ። ይህ ባስልዮስ የቂሳርያው ታላቁ ባስልዮስ አይደለም። ሁለቱ ወዳጆች ነገሩን በአንድነት ሊያደርጉት ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ በደረሰ ጊዜ ባስልዮስ ሲሾም ዮሐንስ ተደብቆ ቀረ። ባስልዮስም ነገሩን ባወቀ ጊዜ እያለቀሰ መጥቶ ወቀሰው።

ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ሽሽቱን አልሸሸገውም፤ ኋላ ስለ ክህነት በጻፈው ባለ 6 ክፍል መጽሐፍ ራሱ ተረከው እንጂ። የመሾሙን ወሬ ከሰማበት ቀን ጀምሮ ፍርሃትና ኀዘን ነፍሱን ይዘዋት ሰውነቱ ሊፈርስ እስኪደርስ ድረስ መጨነቁንም ገለጠ። እርግጥ ነው፥ ያስፈራው የክህነት ሸክም በሙሉ ነው እንጂ የስብከት ሥራ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከስድስቱ ክፍሎች አምስተኛውን ለይቶ በሕዝብ ፊት ለሚናገር ሰው ጭንቀት ሰጠው።

በዚያ ክፍል የሚያሳየን የአድማጩን ጠባይ ነው። ብዙዎች ወደ ጉባኤ የሚመጡት እንደ ደቀ መዝሙር ሊማሩ ሳይሆን፥ በውድድር ሜዳ እንደሚቀመጥ ተመልካች ሊፈርዱ ነው። ተናጋሪው ከሌላ ሰው ቃል ጥቂት ቢጨምር እንደ ሌባ ይቈጠራል። ኀዘን ወይም ሐሳብ አእምሮውን አጨልሞበት አንድ ቀን ቢደክም ሰው መሆኑን አስታውሶ የሚራራለት የለም። ደግሞም በንግግር የሠለጠነ ሰው ካልሠለጠነው ይልቅ ሊደክም ይገባዋል ይላል፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ይበልጣልና፤ የንግግር ችሎታም ከተፈጥሮ የሚገኝ ሳይሆን በትምህርት የሚመጣ ስለ ሆነ ዘወትር ካልተለማመዱት ይጠፋል።

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ቅዱስ ዮሐንስ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይሻል፤ እነዚህም ምስጋናን መናቅና የመናገር ችሎታ ናቸው። አንዱ ከሌለ ሌላው ከንቱ ነው። ምስጋናን ንቆ መናገር የማይችል ሰው ሕዝቡን ሊጠቅም አይችልም፤ መናገር ችሎ በምስጋና ፍቅር የተያዘም የሚጠቅመውን ትቶ ደስ የሚያሰኘውን ይናገራል። ስለዚህ መምህሩ ለሕዝቡ እንደ አባት ሊሆን ይገባዋል። አባት ታናናሽ ልጆቹ ሲስቁለት አይታበይም፥ ሲመቱትና ሲያለቅሱበትም አይከፋም። ያለ አግባብ የሚሰነዘርንም ነቀፋ ከመጠን በላይ መፍራት አይገባም፤ ፈጽሞ ቸል ማለትም አይገባም። ሥራውን እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት ብሎ ይሥራ፤ ሰዎች ቢያመሰግኑት አይግፋ፥ ባያመሰግኑትም አይፈልግ ይላል።

በዚህ ትምህርት የፍርሃቱ ሥር ተገልጦ እናየዋለን። በሕዝብ ፊት ስንቆም የሚያስጨንቀን ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ነገር አይደለም፤ ሰዎች ስለ እኛ የሚሉት ነው። ምስጋናን የተጠማ ልብ ነቀፋን መፍራቱ አይቀርም፤ ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ቅርንጫፎች ናቸውና። ቅዱስ ዮሐንስም ፍርሃቱን ብቻ ሊቈርጥ አልሞከረም፤ ወደ ሥሩ ወረደ እንጂ።

ከሽሽቱ በኋላ ወደ ተራራ ወጥቶ 4 ዓመት ከአንድ ሽማግሌ መነኵሴ ጋር፥ 2 ዓመትም ብቻውን በዋሻ ኖረ። በዚያም እንቅልፍን ነሥቶ መጻሕፍት ቅዱሳትን በቃሉ አጠና። ከብርዱና ከጾሙ ጽናት የተነሣ ሆዱና ኵላሊቱ ተጐድተው ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ይህም ደዌ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በ381 ዓመት ገደማ መለጥዮስ ዲቁና ሾመው። አምስት ዓመት ያህል በዲቁና ሲያገለግል ድኾችን ይረዳ፥ መጻሕፍትንም ይጽፍ ነበር፤ ስብከት ግን የካህናት ሥራ ስለ ነበረ በጉባኤ አልሰበከም።

በ386 ዓመት ጳጳሱ ፍላቭያኖስ ቅስና ሾመው፤ በዚያም ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆሞ ተናገረ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። ቅዱሱ የደፋር መልክ አልያዘም፤ የሆነው ነገር ሕልም እንደ መሰለው፥ ከዚያ ቀን በፊት ከአድማጮች ጋር ይቈጠር እንደ ነበረ፥ የሕዝቡም ብዛት እንዳስጨነቀው ገለጠ፤ አፉን ይከፍት ዘንድ በጸሎታቸው እንዲረዱትም ለመነ። በፊት የፈራው ሕዝብ በዚህ ጊዜ ረዳቱ ሆነ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ከባድ ፈተና መጣ። በ387 ዓመት የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቈጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰበረ። ይህም በሞት የሚያስቀጣ በደል ስለ ነበረ ከተማዪቱ በድንጋጤ ተዋጠች፤ ብዙዎችም ሸሹ። ሽማግሌው ፍላቭያኖስ በክረምት ተነሥቶ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ፤ ሕዝቡን ማጽናናትም ለአንድ ዓመት ቄስ ቀረ። ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያ 7 ቀን ዝም አለ፤ የኢዮብ ወዳጆች እንዳደረጉት ከሚያዝኑት ጋር አዘነ። ከዚያ በኋላ ግን አፉን ከፈተ፤ በዚያም ጾም ስለ ሐውልቶቹ የተባሉትን 21 ያህል ስብከቶች አሰማ። ሕዝቡን ስለ ገዛ ሞታቸው ፍርሃት ሲያጽናና ስለ ራሱ ስም የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም። በፋሲካም የንጉሡ ምሕረት ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ዝናው ሰፋ፤ ከዝናውም ጋር ሌላው ፈተና መጣ። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ስብከት ደስ ሲያሰኘው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጨበጭብ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስም ሲያጨበጭቡለት እንደ ሰው ደስ እንደሚለው፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ አጨብጫቢዎቹ ምንም እንዳልተጠቀሙ ባሰበ ጊዜ ግን እንደሚያዝን ለሕዝቡ በግልጥ ተናገረ። ጭብጨባንም በሕግ ሊከለክል ባሰበ ጊዜ ስለዚህ ነገር የተናገረው ቃል ራሱ ተጨበጨበለት። ሌላ ጊዜም መብራት አብሪው ሲገባ የሕዝቡ ዐይን ወደ እርሱ ቢዞር ንግግሩን አቋርጦ ገሠጻቸው። ስለ ራሱ የሚጨነቅ ሰው በዚህ ግራ ይጋባል፤ ስለ አድማጮቹ የሚጨነቅ ግን ገሥጾ ትምህርቱን ይቀጥላል።

በ397 ዓመት የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ንክታርዮስ ስላረፈ ቅዱስ ዮሐንስ እንዲተካው ተመረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይታወክ ገዢው በምክንያት ከከተማ ውጭ ጠርቶ በመንግሥት ሠረገላ ላከው፤ በ398 ዓመት የካቲት ወርም ተሾመ። በዚያም ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ ብሎ በሕዝቡ መካከል በነበረው የአንባቢዎች መድረክ ላይ ተቀምጦ ያስተምር ነበር። ቀድሞ ከሰው ዐይን የተሰወረው ሰው ወደ ሕዝቡ መካከል ቀረበ።

ስለ ባለጠጎች ምቾትና ስለ ቤተ መንግሥት ትዕቢት እውነትን በመናገሩ ብዙ ጠላቶች ተነሡበት። በ403 ዓመት በጉባኤ ተፈረደበት፤ በ404 ዓመትም ወደ ኩኩሶስ ተሰደደ። ከዚያም ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ በጻፈላት መልእክቶች የነፍስ ጭንቀት ከሌሎች ሥቃዮች ሁሉ እንደሚከብድ አስረዳት። በመጨረሻም ወደ ሩቅ ስፍራ በግድ ሲነዳ በኮማና መስከረም 14 ቀን 407 ዓመት እግዚአብሔርን ስለ ሁሉ እያመሰገነ ዐረፈ። ዐፅሙ በ438 ዓመት ወደ ቍስጥንጥንያ በክብር ተመለሰ። አፈወርቅ የሚለውም ስም የጸናለት ከዕረፍቱ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፥ በሕዝብ ፊት መፍራት የስጦታ ማጣት ምልክት አይደለም፤ አፈ ወርቅ የተባለውም ፈርቷል። ሁለተኛ፥ ፍርሃት በመሸሽ አይድንም። የዘመናችን ሐኪሞችም ሰውነት በሕዝብ ፊት ሲቆም አደጋ እንዳየ ሆኖ ልብን እንደሚያፈጥን፥ የሚፈሩትንም መሸሽ ለጊዜው ቢያሳርፍ ፍርሃቱን እንደሚያጸናው፥ ከጥቂት ሰዎች ጀምሮ በየደረጃው መለማመድ ግን እንደሚያቀልለው ያስተምራሉ። ፍርሃቱ ከሥራው እስኪያስቀረው የበረታበት ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ የእምነት ጕድለት አይደለም። ሦስተኛ፥ ዝግጅት ያስፈልጋል፤ በዋሻ የተጠናው ቃል በአንጾኪያ መከራ ጊዜ ተገኝቷልና። አራተኛ፥ ስንቆም የምንጠይቀው ጥያቄ ሊለወጥ ይገባዋል፤ ስለ እኔ ምን ይሉ ይሆን ማለትን ትተን፥ ከፊቴ ያለው ኀዘንተኛ ምን ይዞ ይመለሳል እንበል። ይህን የሚያስብ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥም ሥራውን ይፈጽማል።

ለምንሰማውም ትምህርት አለን። ቅዱስ ዮሐንስ ለተናጋሪ የሚራራ አድማጭ እንደ ጠፋ በማየቱ አዝኗል። ታናሹ ዲያቆን ንባብ ሲሳሳት ብንስቅበት፥ አዲሱ መምህር ቃል ሲጠፋው እርስ በርሳችን ብንጠቃቀስ፥ ለነገ ሊያስተምረን የሚችለውን አፍ ዛሬ ዘጋነው ማለት ነው። ይልቁንስ የአንጾኪያ ሕዝብ ለአዲሱ ቄስ እንዲያደርግለት የተለመነውን እኛ እናድርግ፤ በፊታችን ለሚቆመው ሁሉ በልባችን እንጸልይለት።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።